መዝገባችንን ማን ዘንድ እናስቀምጥ?

(በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሂሳብ ክፍል ሲነሳ ቁጥር እንደምትጠብቁ እናውቃለን። ቁጥሩን ኦዲተሩ ስላቀረቡልን እኛ የምናነሳው ቁጥሩ ስለሚቀመጥበት ቦታ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የድሮ የቁጠባ መዝገቦቻችንን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተን፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ፋይል ከሚያስቀምጡ አገልግሎቶች በአንዱ አስገብተናል። ሥራው ሲያልቅ በጣም ደስ ብሎን ነበር። «እንግዲህ ይህን አቧራ የጠጣ ወረቀት ለቁራሌው እንስጠውና መደርደሪያው ይለቀቅ» ያልንም ከመካከላችን ነበርን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ሳምንት ቁራሌው በሰፈራችን አላለፈም።

ዘንድሮ በመጋቢት አንዲት እናታችን ብድር ጠየቁ። ከአምስት ዓመት በፊት የቆጠቡት የሰባት ወር ገንዘብ ደብተራቸው ላይ አይነበብም፤ ዝናብ ገብቶበት ቀለሙ ጠፍቷል። እኛም ፋይሉን ልንከፍት ተቀመጥን። የቢሮው ላፕቶፕ ፎርማት ተደርጎ ስለነበር የማረጋገጫ ቁጥር ጠየቀን። ቁጥሩ የሚላከው አካውንቱን በራሷ ስልክ ወደከፈተችው የቀድሞ ጸሐፊያችን ነው። እሷ ለሥራ ዱባይ ሄዳለች፤ ሲም ካርዷም ሳይሠራ ቆይቶ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ብንደውል የማናውቀው ሰው አነሳ። ለአገልግሎቱ ስንጽፍ ደግሞ የመለሰልን ማሽን ነው፤ ደጋግመን ብንጽፍም ያው መልስ መጣ።

መልሱን ያገኘነው ከመደርደሪያው ነው። ሁለት ቀን ፈልገን የሰባቱንም ወር ክፍያ ከነተቀባይዋ ፊርማ አገኘነው፤ እናታችንም ብድራቸውን ወሰዱ። ወረቀቱ ተሸጦ ቢሆን ኖሮስ ምን እንላቸው ነበር? «አምነንዎታል» እንዳንል ገንዘቡ የሁላችሁም ነው። «አናምንም» እንዳንል ደግሞ ጉልት ውለው ያገኙትን በየወሩ ያስረከቡን እሳቸው ናቸው።

አካውንቱን በግለሰብ ስልክ ማስከፈታችን የእኛ ጥፋት ነው። ሆኖም ነገሩ በዚህ አያበቃም። ባንክ ገንዘብ ስናስገባ ደረሰኝ እንቀበላለን። ነጻ የፋይል ማስቀመጫ የሚሰጠን ግን ረጅም የእንግሊዝኛ ውል ነው፤ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭነን እናልፋለን። ሳንከፍል ስለምንጠቀም ነገ ሁኔታውን ቢለውጡት የምንከራከርበት ብዙም የለንም።

መለወጡም በተግባር የታየ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2015 ዋንድራይቭ የተባለው አገልግሎቱ በነጻ የሚሰጠው ቦታ ከ15 ጂቢ ወደ 5 ጂቢ እንደሚወርድ አስታወቀ። ጎግል ያለ ገደብ በነጻ ያስቀምጥ የነበረውን ፎቶ ከሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ለኢሜይልም ለፋይልም በጋራ ከሚሰጠው 15 ጂቢ ላይ መቁጠር ጀመረ። ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ከነፋይላቸው ሊያጠፋ እንደሚችልም አስታውቆ፣ ከታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህን ሥራ ላይ አውሏል። አስቀድመው መናገራቸው አይካድም፤ ማስታወቂያው የሚደርሰው ግን ኢሜይሉን ለሚከፍት ሰው ነው። ሜጋአፕሎድ የተባለውን ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2012 እ.ኤ.አ. ሲዘጋው፣ ምንም ጥፋት የሌለበት የግል ፋይል ያስቀመጡ ሰዎችም ደጅ ቀሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌግራም ለወራት ተገድቦ ነበር። ደረሰኝ ፎቶ አንስታችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ልካችሁ የምትተውት እህቶች (እኛም እናደርገዋለን) ይህን አስቡበት።

ይህን ስንል ነጻውን አገልግሎት እንተወው ማለታችን አይደለም። ቢሯችን ውኃ ቢገባበት ወረቀቱም አይተርፍም፤ ሃርድ ዲስክም ቢሆን አንድ ቀን ሳይናገር ይሞታል። ነጻው ቦታ ለቅጂ ጥሩ ነው። ዋናው መዝገብ እዚያ ብቻ እንዲሆን ግን አንፈቅድም። ስለዚህ አዲሱ አካውንት በማኅበሩ ስም፣ በማኅበሩ ሲም ካርድ ተከፍቷል፤ ፓስወርዱን ገንዘብ ያዧና ሊቀመንበሯ ይይዙታል፤ በየወሩ መጨረሻ ሂሳብ ስንዘጋም ከፍተን እናየዋለን። የዋሶች መታወቂያ ኮፒ ያለበትን የብድር ፋይል ግን ኢንተርኔት ላይ አንጭንም።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሁለት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ እንድንገዛ እንድትፈቅዱልን ነው። አንዱ ቢሮ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጣል። ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ሰብስበናል፤ ወረቀቱ በየጠረጴዛችሁ አለ። ወዳጆቻችን፣ የጽሕፈት መሣሪያ በጀቱ ይበቃልና ተጨማሪ አንጠይቃችሁም።

ደብተራችሁ የደበዘዘባችሁ ካላችሁ ከቡና በኋላ ወደ እኛ ጠረጴዛ ኑ። የድሮውን መዝገብ ይዘነው መጥተናል።