በር ላይ የቆመ መኪና፤ የጉዳቱ ዕዳ የማን ነው?

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)




 ዛሬ የመረጥሁት ጉዳይ በችሎት ሚዛን ሲታይ ቀላል፤ በጎረቤት ሆድ ውስጥ ግን እጅግ ከባድ ነው። ይኸውም ለሌላው ሳያስቡ ያቆሙት መኪና የሚያስነሣው ጠብ ነው።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲገባ፤ ማታ የት ይቁም ብሎ የተጨነቀ ጎረቤት አልነበረም። የከተማችን አሮጌ ሰፈሮች መንገዳቸው ለእግረኛና ለበቅሎ የተበጀ ነው። ዛሬ በዚያው መንገድ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንበታል። በመካከላቸው ሦስተኛ መኪና ቆሞ ከተገኘ ደግሞ ጥሩንባው ይጮኻል፤ ስድቡ ይከተላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት ጎረቤታሞች እንድሸመግላቸው ወደ እኔ መጡ። አንደኛው አምሽቶ ሲገባ መኪናውን የጎረቤቱን በር በከፊል ዘግቶ አቁሞ ተኛ። በሌሊት የዚያ ጎረቤት እናት በብርቱ ታመሙ። ልጃቸው ጥሩንባ ነፋ፤ በር ደበደበ፤ የሚሰማው ግን አላገኘ። በመጨረሻ በቀረችው ጠባብ ክፍተት ሊያልፍ ሲሞክር የቆመውን መኪና ጎኑን ፋቀው፤ የራሱም መስተዋት ተሰበረ። እናቲቱ ሐኪም ቤት በጊዜ ደርሰው ተረፉ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሦስተኛው ቀን መኪናው እንደገና እዚያው ቆሞ ተገኘ። ልጅየው በንዴት የበሩን ቀለም በቁልፍ ቦጨረው። ይህንንም አልካደም፤ «በሬን የዘጋ እሱ ነው፤ ለሁለቱም ጉዳት ተጠያቂው እሱ ነው» ብሎ ተከራከረ። ባለመኪናው በበኩሉ «እኔ ተኝቼ ነበር፤ የቆመ መኪና ማንንም አይገጭም» አለ።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ተሳስተዋል። ስሕተታቸውም አንድ ነው፤ ያለ ቦታው የማቆም ጥፋትና ለደረሰው ጉዳት መነሻ የሆነው ጥፋት ሁልጊዜ አንድ ይመስላቸዋል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። በቁጥር 2035 ደግሞ የታወቀ ሕግን ወይም ደንብን የጣሰ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ማቆም በተከለከለበት ስፍራ መኪናውን የተወ ሰው «ተኝቼ ነበር» በማለት ብቻ ነፃ አይወጣም። በሌላ በኩል ቁጥር 2081 የባለ ሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንዲሆን ያደርጋል። ሁለት ተሽከርካሪዎች በተጋጩ ጊዜም ቁጥር 2084 ሁለቱ ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ገምቶ የጉዳቱን ድምር ለሁለት ይከፍላል፤ አደጋው በሙሉ ወይም በዋነኛነት በአንደኛው ነጂ ጥፋት መድረሱ ሲረጋገጥ ግን ይህ ግምት ይፈርሳል። ቁጥር 2098ም ተጎጂው ራሱ ለጉዳቱ ባዋጣው ጥፋት መጠን ካሣው እንዲቀነስ ይፈቅዳል።

ይህን ይዘን ወደ ሁለቱ ጎረቤታሞች እንመለስ። በሌሊቱ ግጭት ጊዜ የመኪናው አቋቋም ራሱ የአደጋው አንድ ምክንያት ነበር። መተላለፊያው ባይጠብብ መፋቁ አይደርስም ነበርና ከዕዳው የሚበልጠው ድርሻ በአቋሚው ላይ ይወድቃል። ነጂውም ክፍተቱን አይቶ ስለ ገባ ጥቂት ድርሻ አለው፤ ይሁን እንጂ ያጣደፈው የእናቱ ሕይወት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በሦስተኛው ቀን የደረሰው ጉዳት ግን ሌላ ነው። ቀለሙን የቦጨረው ቂም እንጂ የመንገዱ መጥበብ አይደለም። አቋሚው ያን ቀንም ጥፋተኛ ነበር፤ ጥፋቱ ግን ለዚያ ጉዳት ምክንያት አልሆነም። ስለዚህ ኪሣራው በሙሉ የቦጫሪው ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሰውን ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸትን በወንጀል ያስጠይቃል።

ባልደረቦቼ ሆይ፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣባችሁ «መኪናው የት ቆሞ ነበር?» ብላችሁ አታቁሙ። የቆመበት ስፍራ ለጉዳቱ ምክንያት ሆኗልን? የገጨውስ ሰው አይቶ ሊጠነቀቅ ይችል ነበርን? ጉዳቱ የመጣው ከማለፍ ነው ወይስ ከበቀል? ብላችሁ ጠይቁ። ማስረጃውንም በጊዜ አስይዙ። መኪኖቹ ከመነሣታቸው በፊት ፎቶግራፍ ይነሡ፤ የትራፊክ ፖሊስ ይጠራ። የካሣ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበትም አስታውሱ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው ግዴታ የሦስተኛ ወገን መድን የባለመኪናውን የራሱን መኪና እንደማይጠግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ከአደጋው በኋላ ነውና አስቀድማችሁ ንገሩት።

ሽምግልናውን የፈጸመው ግን የእኔ ቁጥር ጠቀሳ አልነበረም። እናቲቱ ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተው ሁለቱን እያዩ፤ «ያን ሌሊት ሰምቶ ቢወጣ ኖሮ መኪናውን አንሥቶ ዝም አይልም ነበር፤ ራሱ ነበር ይዞኝ የሚሄደው» አሉ። ባለመኪናው አንገቱን ደፋ። የግጭቱን ጥገና አብዛኛውን እሱ፤ የቀለሙን በሙሉ ልጅየው ሊከፍሉ ተስማሙ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሰፈር ሳልፍ የሰውየውን መኪና ከመስተዋቱ ሥር የስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ተቀምጦበት አየዋለሁ። የቆመውም ከበሩ ራቅ ብሎ ነው።