አብረውን ያረጁ ዕቃዎች

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው የጠየቀኝ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ መጪው ዘመን እንድናገር ነበር። ስለ መጪው ዘመን የሚናገር ሰው በዚህ አዳራሽ አይጠፋም፤ ብዙዎቻችሁ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። እኔ ፈቃዳችሁ ከሆነ ቁም ሣጥን ላይና አልጋ ሥር ስላስቀመጥናቸው ዕቃዎች ላውራችሁ። እስቲ የማይነሣ ሲፒዩ፣ አንድ ካርቶን ፍሎፒ፣ ባትሪው ያበጠ ሞባይል ወይም ቻርጀሩ የጠፋ ላፕቶፕ ቤቱ የሌለ ሰው እጁን ያውጣ። እንደማየው አንድም እጅ አልወጣም። እንግዲያው የማወራው ስለ ሁላችንም ነው ማለት ነው።

የእኛ ዘመን ተማሪ ኮምፒውተርን ያወቀው ጫማ በማውለቅ ነው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ በር ላይ ጫማ ይወልቃል፤ ካልሲው የተቀደደ ልጅ ሁሉም እስኪገባ ከኋላ ሆኖ ይጠብቃል። መስኮቱ በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፣ ማሽኖቹም ላስቲክ ለብሰዋል። ለአንድ ማሽን ሦስት ሆነን እንቀመጣለን፤ አንዱ ይተይባል፣ አንዱ ከደብተር ያነብባል፣ ሦስተኛው መብራት እንዳይጠፋ ይጸልያል። ዶስን፣ ዎርድፐርፌክት 5.1ን፣ ሎተስ 1-2-3ን የተማርነው እንዲህ ነው። ኋላ ኮምፒውተር ከላብራቶሪ ወጥቶ ቤታችን ሲገባ ደግሞ እናቶቻችን እንደ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ዳንቴል አለበሱት። ያከብሩት ነበር። ዛሬ ያንኑ ዕቃ በእግራችን ገፋ አድርገን እናልፈዋለን።

ቢሮ ውስጥ የመጀመሪያው አስተማሪ ማን ነበር ብትሉኝ ካርታ ነው እላለሁ። አዎ፣ ሶሊቴር! ይህን ጨዋታ የጻፈው ዌስ ቼሪ የተባለ በማይክሮሶፍት ውስጥ የሚለማመድ ወጣት ሲሆን፣ የካርታዎቹን ሥዕል የሠራችው ሱዛን ኬር ናት። እ.ኤ.አ. በ1990 ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ወጣ። የሚነገርለት ጥቅሙ ሰውን ከማውስ ጋር ማለማመድ ነው፤ ካርታውን ይዞ፣ ጎትቶ፣ ሌላ ቦታ መጣል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ በጽሕፈት መኪና የሠሩ ጸሐፊ ነበሩ። ማውሱን እንደ ካውያ ጠረጴዛው ላይ ይገፉት ነበር። ሥልጠናውም መመሪያውም አልረዳቸውም። ካርታ በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት ግን ከሁላችንም ፈጠኑ። አለቃችን «ጨዋታ ነው የሚጫወቱት» ብለው ሊቆጡ ሲመጡ «የለም ጌታዬ፣ እየተማርኩ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር።

ስለ ጨዋታ ካነሣሁ ዶርማችንን ልዝለለው አልችልም። ከመርካቶ የተገዛ አንድ ብሪክ ጌም ነበረን፤ ያ ጡብ ከላይ የሚወርድበት። የጨዋታው አባት አሌክሲ ፓጂትኖቭ ቴትሪስን እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ሲሠራ የእኛ ዶርም ልጆች ለፈተና ዋዜማ ይሰለፉበታል ብሎ ያሰበ አይመስለኝም። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ያም ካልሆነ በጥርስ ነከስ ነከስ እናደርገዋለን፤ ለአንድ ዙር የምትሆን ነፍስ አይነሣንም። (ልጆቻችሁ እንዳይሞክሩት። አደገኛ ነው፤ የእኛን ጥርስ እዩ።)

ከዚያ በ1991 ዓ.ም. ሞባይል አዲስ አበባ ገባ። ከሞባይል ጋር እባቧ መጣች። ፊንላንዳዊው ታኔሊ አርማንቶ ለኖኪያ 6110 ያዘጋጃት ጨዋታ ናት። ባንክ ቤት ወረፋ ይዘን «ሲስተም የለም» ስንባል ያጽናናችን እሷ ናት። ስትበላ ታድጋለች፤ ባደገች ቁጥር መዞሪያ ታጣለች፤ በመጨረሻ የሚገድላት ብዙ ጊዜ የራሷ ጭራ ነው። ይህን ለትርጓሜ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ኖኪያ 3310 ላይ ደግሞ ባንቱሚ የሚባል ጨዋታ ነበረ። በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጉድጓድ፣ ጠጠሩን አንሥቶ ማደል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ አዩትና «ይሄማ ገበጣ ነው!» አሉ። ሕጉ ከእሳቸው አገር ገበጣ ትንሽ ይለያል፤ ቢሆንም ከጥቂት ዙር በኋላ ስልኩን ማሸነፍ ጀመሩ። ከዚያ መለሱልኝና «ጥሩ ነው፤ ግን ሲሸነፍ አይናደድም» አሉኝ። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ኢትዮጵያና ስለ አፍሪካ ቀንድ ገበጣዎች ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። የገበጣ ዓይነት ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ እዚያ ውስጥ ይታያል። ገበጣ ይህን ሁሉ ዘመን የቆየው ለምን ይመስላችኋል? መሬት ላይ ጉድጓድ ትቆፍራላችሁ፣ ጠጠር ትለቅማላችሁ፣ በቃ። ሌላ የሚፈልገው ነገር የለም።

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ባለፈው ክረምት ልጄ ያንን ብሪክ ጌም ከሻንጣ ሥር አገኘችው። አዲስ ባትሪ አስገባንበት። ጮኸ! በዚያው ዘመን የተገዛው ኮምፒውተር ግን ከተሰናበተ ቆይቷል። የአንድ ዕቃ ዕድሜ የሚወሰነው በጥንካሬው ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ተረዳሁ፤ በስንት ነገር ላይ እንደተደገፈም ይወስነዋል። ብሪክ ጌሙ የሚፈልገው ባትሪ ብቻ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ያለች አንዲት ጽሑፍ ግን ዲስኩን፣ ማንበቢያውን፣ ገመዱን፣ ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሙን፣ የፊደል ቅርጹን ሁሉ ትፈልጋለች። አንዱ ሲጎድል ሁሉም ይጎድላል።

ትንሽ ምሳሌ ልስጣችሁ። ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሣንቲም የምታክል፣ ሲአር 2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች። እሷ ስታልቅ ማሽኑ መብራት በጠፋ ቁጥር ዓመተ ምሕረቱን ይረሳል። በሌሊት የተጻፈ ደብዳቤ ከብዙ ዓመት በፊት የተጻፈ ይመስላል። እኛ አገር ደግሞ ይህ ጣጣ እጥፍ ነው። ዓለም «2000 ገባ፣ ኮምፒውተር ሊያብድ ነው» ብሎ ሲጨነቅ እኛ ዘንድ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ነበር፤ የራሳችንን 2000 ዓ.ም. የተቀበልነው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ነው። ጽሑፉ ውስጥ በአንድ አቆጣጠር፣ ማሽኑ ውስጥ በሌላ፣ ባትሪዋ ስትሞት ደግሞ በሦስተኛ። የቱ ረቂቅ እንደቀደመ ለማወቅ ጠንቋይ መጥራት ነው የሚቀረው።

ሌላም አለ። ማሽን ሳይበላሽም ጡረታ ይወጣል። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በ2025 የአምራቹ ድጋፍ አበቃላቸው። ደኅና እየሠራ «በቃህ» ይባላል። ይህ ስሜት የሚገባው ሰው በዚህ አዳራሽ ብዙ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ታሪክ ግን የሚያስቅ አይደለም። አንድ የክፍል ጓደኛችን ከዚህ ዓለም ከተለየ በኋላ ባለቤቱ ደወሉልኝ። «ወንድሜ፣ ያ መዝገብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነው ይል ነበር፤ ማሽኑ ግን አይነሣም። ለልጆቹ ባገኝላቸው» አሉኝ። መዝገቡን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የፊዚክስ ቃላትን በአማርኛ እየፈታ ከሃያ ዓመት በላይ የሰበሰበው ነው። ስሙን የማላነሣው ቤተሰቡ ስላልፈለጉ ነው።

ማሽኑ በእርግጥ ሞቷል። ሃርድ ዲስኩን አውጥተን በገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር አገናኘነው። ሰነዶቹ ተገኙ! ስንከፍታቸው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል የለም፤ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርግፍ ነው። እሳቸው አጠገቤ ቆመው «ይሄ ምንድን ነው? ቫይረስ ነው?» አሉኝ።

ቫይረስ አልነበረም። የፊደላችን ጣጣ ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ የያኔው ኮምፒውተር ለአንድ የፊደል ቅርጽ ከሚሰጠው 256 ቦታ ያልፋሉ። ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የታገሉት የቦታ ጥበት በኮምፒውተርም ተደገመ። የያኔዎቹ ባለሙያዎች በብልሃት ተወጡት። አንዳንዶቹ ፊደሉን ለሁለት ከፈሉት፤ ሌሎቹ ከቁራጭ ገጣጠሙት። ሁሉም ግን የግዕዙን ቅርጽ ያስቀመጡት በላቲኑ ቦታ ላይ ነው፤ አቀማመጡም ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያይ ነበር። ስለዚህ ያ የፊደል ቅርጽ የሌለው ማሽን የሚያሳያችሁ ከሥር ያለውን ላቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግዕዝ የራሱን ቦታ አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ «ሀ» ደረጃውን በሚያውቅ ማሽን ሁሉ «ሀ» ናት። ጓደኛችን ግን የጀመረው ከዚያ በፊት ነበር፤ በለመደውም እስከ መጨረሻው ቀጠለበት።

ያንን የፊደል ቅርጽ ፍለጋ ሁለት ወር ፈጀብን። በመጨረሻ የተገኘው ከማን ዘንድ ይመስላችኋል? ከእኚያ ካርታ ከሚጫወቱት ጸሐፊ ዘንድ! ጡረታ ሲወጡ ዲስኩን በብስኩት ቆርቆሮ አድርገው ይዘውት ሄደዋል። ኤክስፒ በጫንንበት አሮጌ ማሽን ላይ አስገባነው። ሰነዱን በድጋሚ ስንከፍተው ፊደሉ ገጹን ሞላው። «ግፊት» በሚለው ሥር ያው ክንድ፣ ያው ጉልበት ሆኖ ሳለ የተሳለ ማጭድ ለምን እንደሚያጭድና የደነዘው ለምን እንደማያጭድ ጽፏል፤ ጉልበቱ የሚያርፍበት ስፋት ነው ልዩነቱ። እንዲህ ነበር የሚያስተምረው። ባለቤቱ ቁጭ ብለው አነበቡት፤ እኛ ወጣ አልን።

ሁሉም ግን አልተገኘም። ከ«በ» እስከ «ነ» ያለው ክፍል ፍሎፒ ላይ ብቻ ነበር። ፍሎፒ ማለት ስስ ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ማግኔት ነው፤ 1.44 ሜጋባይት ይይዛል፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሡትን አንድ ፎቶ ብዙ ጊዜ አይችልም። ሻጋታ በልቶታል። ሦስት ማንበቢያ ላይ ሞከርነው፤ አልሆነም።

እንግዲህ ከእናንተ የምለምነው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ ቤት ስትገቡ ካርቶኑን አውርዱት። ለዓመታት የተቀመጠ ኮምፒውተር ዝም ብላችሁ ሶኬት ላይ እንዳትሰኩ፤ አቧራው ይጠረግ፣ ውስጡ በባለሙያ ይታይ። ያበጠ የሞባይል ባትሪ ካለ ቻርጅ አታድርጉት፣ አትብሱት፤ ከቤት ይውጣ። የተገኘውን ጽሑፍ ሁለት ቦታ ቅዱት፣ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት፣ ዋና ዋናውን ደግሞ በወረቀት አትሙት። ወረቀት እንደ ገበጣ ነው፤ ከዓይንና ከብርሃን ሌላ የሚፈልገው የለም።

ሁለተኛ፣ ማኅበራችን አንድ አሮጌ ማሽን ከነፍሎፒ ማንበቢያው፣ ከነድሮዎቹ የፊደል ቅርጾች፣ ከኢንተርኔት ተለይቶ በቢሮው ያኑር። ወጪው ትንሽ ነው። ዛሬ የምታስተምሩ ባልደረቦች ደግሞ የድሮውን ፊደል ወደ ዩኒኮድ መቀየርን ለተማሪዎቻችሁ የመመረቂያ ሥራ አድርጋችሁ ብትሰጡ፣ ልጆቹም ይማሩበታል፣ የአስተማሪዎቻቸውም ጽሑፍ ይተርፋል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይሉ የለ?

ሦስተኛው የራሴ ልመና ነው። ጓደኛችን ረቂቁን እያተመ «እስቲ እየው» እያለ ለብዙዎቻችን ይሰጥ ነበር። ለእኔ የሰጠኝ ከ«ሰ» ጀምሮ ያለውን ጥቂት ገጽ ነው። ከ«በ» እስከ «ነ» ያለው ከመካከላችሁ በአንዱ መሳቢያ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ምናልባት የሌላ ነገር መጠቅለያ ሆኖ። በዚህ ሳምንት ፈልጉልኝ። አንድ ገጽም ብትሆን ቁም ነገር ናት።