የኩባ ቀውስ ወሳኝ ዕለት

አንደኛ አቅራቢ፦ ሶቭየት ኅብረት በኩባ የተከለቻቸው የኒውክሌር ሚሳይሎች የቀሰቀሱት የ13 ቀናት ፍጥጫ ጫፍ የደረሰው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 27 ቀን 1962 ሲሆን፣ በዕለቱ ዩ-2 የተባለው የአሜሪካ የስለላ አውሮፕላን በኩባ ሰማይ ተመትቶ አብራሪው ሻለቃ ሩዶልፍ አንደርሰን ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በባሕር ውስጥ የሆነው ግን ከዚህም የከፋ አደጋ ነበረው። የአሜሪካ መርከቦች ቢ-59 የተባለችውን የሶቭየት ሰርጓጅ መርከብ ወደ ላይ እንድትወጣ ለማስገደድ የማስጠንቀቂያ ፈንጂ ሲጥሉባት፣ ኒውክሌር ቶርፔዶ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ ተወንጭፎ መርከብ የሚያወድም የኒውክሌር መሣሪያ፣ መጫኗን አያውቁም ነበር፤ አየሩ በታፈነባትና ሙቀቱ ባየለባት በዚህች መርከብ ውስጥ መሣሪያው እንዳይተኮስ የተከራከሩት መኮንን ቫሲሊ አርኪፖቭ ከመሪዎቹ እኩል ሊታወሱ ይገባል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ቀውሱን ለማብረድ የረዳው በዚያው ምሽት የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ወንድም ሮበርት ኬኔዲ ለሶቭየቱ አምባሳደር አናቶሊ ዶብሪኒን በቱርክ የነበሩት የአሜሪካ ጁፒተር ሚሳይሎች እንደሚነሱ በምስጢር ማረጋገጣቸው ነው፤ በማግስቱ የሶቭየት መሪ ክሩሽቾቭ የኩባዎቹን እንደሚያነሱ በሞስኮ ሬዲዮ አስነገሩ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ይህ ምስጢር ለዓመታት በመደበቁ፣ ቀውሱ በማስፈራራት ብቻ እንደተፈታ የሚቆጥር ትውልድ መፈጠሩ አሳዛኝ ነው፤ መንግሥታቱ ራሳቸው ግን የቀጥታ ንግግርን አስፈላጊነት ተረድተው እ.ኤ.አ. በ1963 ዋሽንግተንንና ሞስኮን በቀጥታ የሚያገናኝ የጽሑፍ መልእክት መስመር ዘርግተዋል።