ስለ ሽንት ቤት ፍሳሽ ማውጫ ፓምፕ ለሰፈራችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሲያወሩት ደስ አይልም። ነገር ግን እኛ አፍንጫችንን ይዘን ብናልፈው እሱ አያልፈንም። እንደምታውቁት ባለፈው ክረምት የጋራ ሽንት ቤታችን ሞልቶ ነበር። መምጠጫ መኪና እስኪመጣ መታገሥ አቃተንና ከጎረቤት የውኃ ጉድጓድ ፓምፕ ተዋስን። ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሠራ ጨርቅ ተጠመጠመበት፤ ሞተሩ ተቃጠለ። ይባስ ብሎም አንድ ወጣት ልጃችን ፓምፑን ሊያላቅቅ በገመድ ታስሮ ሊወርድ ሲል አንዲት እናታችን ጮኸው አስቀሩት። ፓምፑን ከፈልን፤ ልጁ ግን ቢወርድ ኖሮ ምን እንከፍል ነበር? ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኛው ነው። ስለዚህ ማኅበራችን ሌላ ፓምፕ ለመግዛት መዋጮ ከመጠየቁ በፊት ነገሩን አብረን እንወቀው።

በመጀመሪያ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ፓምፕ ለምን አስፈለገ? ላይ ተቀምጦ የሚመጥጥ ፓምፕ ውኃውን ወደ ላይ የሚያወጣለት የአየር ግፊት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ከ10 ሜትር ትንሽ በለጥ አድርጎ ያነሣል። ኩየራ ግን ወደ 2,000 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከ8 ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የሚጠልቀው ፓምፕ አይመጥጥም፤ ከታች ሆኖ ይገፋል። ሞተሩ በደንብ የታሸገ ሲሆን የሚቀዘቅዘውም በዙሪያው ባለው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ ፈሳሹ ሲያልቅ ካልጠፋ ይግላል፣ ይቃጠላል። እንዲያ እንዳይሆን ከፈሳሹ ጋር ወርዶ በራሱ የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማጥፊያ ያስፈልገዋል። ይህን ዓይነቱን ፓምፕ በ1947 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሠራው ሲክስተን ኢንግልሶን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ለቆሻሻ ፍሳሽ የሚሆነው ግን በ1956 ነው የመጣው። ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ንጹሕ ውኃና ፍሳሽ አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? የንጹሕ ውኃው ፓምፕ ክንፉ ጠባብ ነው፤ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ይበቃዋል። ለፍሳሽ የሚሠሩት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ክንፉን ወደ ኋላ ሸሸግ አድርጎ አዙሪት ይፈጥራል፤ ጠጣሩ ነገር አብዛኛው ክንፉን ሳይነካ ያልፋል። መብራት በላ ያደርጋል፣ ግን ቶሎ አይታነቅም። ሁለተኛው መግቢያው ላይ መቁረጫ ምላጭ አለው። እሱም ጥሩ ነው፤ ሆኖም አሸዋና ጠጠር ምላጩን ያደንዘዋል። ለኛ ጉድጓድ የመጀመሪያው ይሻላል ብለን እናምናለን።

ስንገዛ ሻጩን እንጠይቀው፦ ስንት ሚሊ ሜትር ጠጣር ያሳልፋል? ከ50 በታች ከሆነ ይቅርብን። ሌላው፣ ሰሌዳው ላይ «ከፍተኛ ከፍታ 10 ሜትር» ቢል 10 ሜትር ላይ በደንብ ይገፋል ማለት እንዳይመስላችሁ። እዚያ ላይ ጠብታ አይወጣም ማለት ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ቢቀርብልንም አንቸኩል፤ የተቃጠለውም ርካሽ ነበር።

ቀጥሎ ስለ ማማሰል። ውኃው ከላይ ሲወጣ ዝቃጩ ከታች ተጋግሮ ይቀራል። በትልልቅ ማጣሪያ ጣቢያዎች ውኃ ውስጥ የሚሽከረከር ማማሰያ አላቸው። እኛ ግን ውኃ ጨምረን፣ የፓምፑን ጎማ ለጥቂት ደቂቃ ወደዚያው ጉድጓድ መልሰን ብንለቀው ያማስላል። ግን ልብ በሉ! ዝቃጩ ሲነካ የታመቀው ጋዝ ይወጣል። እንደ ተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ሲበዛ ማሽተትን ራሱን ያደነዝዛል፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ሁለት ሦስት ጊዜ የተነፈሰ ሰው ሊወድቅ ይችላል። እሱን ሊያወጣ የወረደውም ይከተለዋል። ሻማ አውርዶ መሞከር የሚሉት ነገርም ይቅር፤ እዚያ ውስጥ የሚቀጣጠልም ጋዝ አለ።

እንግዲህ ማኅበሩ የሚያቀርበው ደንብ ይኸው ነው፦

1ኛ/ ማንም ሰው፣ በማንኛውም ምክንያት፣ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ፓምፑ ቢቀርም ይቅር።

2ኛ/ ፓምፑ የሚወርደውና የሚወጣው በራሱ ገመድ እንጂ በኤሌክትሪክ ሽቦው አይደለም። ከመነካቱ በፊት መብራቱ ይነቀላል። የመሬት መስመር የሌለው ማከፋፈያ ላይ አይሰካም።

3ኛ/ ግንብ የሌለው ጉድጓድ በክረምት እስከ ሥሩ አይመጠጥም። መሬቱ ውኃ ጠጥቶ ሲገፋው ግድግዳው ይናዳልና።

4ኛ/ የወጣው ፍሳሽ ወደ ቦይ፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጓሮ አትክልት አይለቀቅም። ወደ ቦቴ ተጭኖ ወደ ተፈቀደለት ቦታ ይሄዳል። ሻላም ሆነ ሐዋሳ ሐይቅ ወደ ባሕር መውጫ የላቸውም፤ እኛ የለቀቅነው እኛው ጋ ይቀራል።

5ኛ/ ጨርቅ፣ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ ምላጭ ሽንት ቤት አይጣልም። ለዚህ የሚሆን ክዳን ያለው በርሜል በሩ ላይ ይቀመጣል።

አምስተኛው ቀላል ይመስላል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። አዲስ አበባ ቃሊቲ ያለው ማጣሪያ ጣቢያ ከተስፋፋ ወዲህ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የተሠራ ነው። ያን ያህል ግዙፍ ሆኖ እንኳ ፍሳሹ መጀመሪያ የሚገጥመው ጨርቅና ፌስታል የሚያስቀር ወንፊት ነው። የኛ ወንፊት በርሜሉ ነው። ፓምፕ በገንዘብ ይገዛል፤ ይህን ልማድ ግን ለልጆቻችን የምናሳየው እኛው ነን።

ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። እኛ አንዴ አቃጥለናል፤ ሁለተኛ አንድገመው። ጥያቄም ተቃውሞም ያለው ይናገር፤ ከዚያ በኋላ ስለ መዋጮው በድምፅ እንወስናለን።