ማዕረግና ቁስል



የሠራዊታችን ማዕረግ በስሙ ውስጥ ቁጥር ይዟል፦ አስር አለቃ፣ ሃምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፤ ሻለቃም የሺ አለቃ ማለት ነው። ዛሬ ቁጥሩ ልክ በልክ ባይገጥምም መልእክቱ አለ፤ አለቃነት የሚለካው በሚጠየቁለት ሰው ብዛት ነው። ከዚያ በላይ ኮሎኔልና ጀነራል ከውጭ የመጡ ስሞች ናቸው፤ ባሕር ኃይል ሲሆን ደግሞ በጀነራል ፈንታ አድሚራል ይባላል። የትከሻ ምልክትም በግርግር መሃል ማን እንደሚያዝ፣ ማን እንደሚጠየቅ ባንድ እይታ ያሳያል።

ታዲያ ባለማዕረጉ ሲቆስልስ? እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው የመጀመሪያው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 12 ቁርጥ ያለ ነው፦ በሕክምና ቅድሚያ የሚያሰጠው አስቸኳይ የሕክምና ምክንያት ብቻ ነው። ደሙ የሚፈስ ተራ ወታደር፣ እጁ ከተሰበረ ኮሎኔል ይቀድማል።

እኛ ጋ ግን ስልክ ይደወላል፦ «ዶክተር፣ ትልቅ ሰው ነው፤ ቀድመሽ እይልኝ።» በጦር ሜዳ ያልተፈቀደውን በሰላም ቀን ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ለምን እንፈቅዳለን? ኢንተርኑ «ተራው አልደረሰም» ሲል ብቻውን አንተወው፤ ከኋላው እንቁም። ስፔሻሊስት፣ ፕሮፌሰር የሚለው የኛ ማዕረግ ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?