ምስክሩ ውሻ ሲሆን መስቀለኛ ጥያቄውን ማን ይጠይቅ?

(ከዚህ በታች የሚነበበው አንድ በግሉ የሚሠራ ጋዜጠኛ ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ ያደረገው ንግግር ነው።)



ዛሬ የማወራችሁ ስለ ውሻ ነው። ፈገግታችሁን አይቻለሁ፤ ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። በአሜሪካ አገር አንድ የፖሊስ ውሻ ቁጭ ካለ የሰው ልጅ ከመኪናው ይወርዳል፣ ሻንጣው ይገለበጣል፣ ኪሱ ይበረበራል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ከጓደኞቹ ፊት ተነጥሎ ይወሰዳል። በዚህ ከተማ እዚያ አገር ወንድም፣ እህት ወይም አክስት የሌለው ቤተሰብ ስንት ነው? ልጆቻቸው የሚማሩት በነዚያው ትምህርት ቤቶች ነው። ስለዚህ «የፈረንጅ ጣጣ ነው» ብለን የምናልፈው አይደለም።

ለመሆኑ ውሻ እንዴት ምስክር ሆነ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1983 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የመንገደኛን ሻንጣ በውሻ ማስሸተት «ፍተሻ» አይባልም አለ። ምክንያቱስ? ውሻው ሻንጣ አይከፍትም፤ የሚናገረውም የተከለከለ ዕፅ መኖር አለመኖሩን ብቻ ነው፤ የሰው ገመና አያወጣም የሚል ነው። በ2005 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በፍጥነት ጥፋት በተያዘ መኪና ዙሪያ ውሻ ቢዞር፣ ስለ ዕፅ ምንም ጥርጣሬ ባይኖር እንኳ፣ ክልክል አይደለም ብሎ ፈረደ። ዳኛ ዴቪድ ሱተር ያኔ ተቃወሙ። የማይሳሳት ውሻ በሕግ ሰዎች ሐሳብ ውስጥ እንጂ በምድር ላይ የለም ብለው ተከራከሩ። ሰሚ ግን አላገኙም።

እንግዲህ ልብ በሉ! ይህ ሁሉ ሕግ የቆመው በአንድ እምነት ላይ ነው፤ ውሻ አይሳሳትም በሚል። እስቲ እውነት አይሳሳትም ወይ?

በ2011 የታተመ አንድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (ዴቪስ) ጥናት አለ። 18 ውሾች ከነያዦቻቸው ወደ አንድ ቤተ ክርስቲያን አራት ክፍሎች እንዲገቡ ተደረገ። በክፍሎቹ ውስጥ ዕፅም ፈንጂም አልነበረም። ያዦቹ ግን ሽታ ሊኖር እንደሚችል፣ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትም ቦታ ሽታው ያለበት እንደሆነ ተነገራቸው። ውጤቱን ልንገራችሁ? ከ144 ፍለጋዎች ውሾቹ ዝም ያሉት በ21ዱ ብቻ ነው። በቀሩት ውስጥ በድምሩ 225 ጊዜ «አገኘን» አሉ። ምን አገኙ? ምንም!

ታዲያ ውሾቹ ዋሹ? ኧረ የለም። ውሻ አይዋሽም። ውሻ የጌታውን ዓይን ያነባል። ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር «ብልሁ ሃንስ» የተባለ ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ሰው መርምሮ ሲያበቃ፣ ፈረሱ የሚያነበው ሒሳቡን ሳይሆን የጠያቂውን ፊት መሆኑን አሳየ። ጠያቂው ራሱ መልሱን ካላወቀ ፈረሱም አያውቅም። ውሻውም እንደዚያው ነው። ገመዱን የያዘው ፖሊስ አንዱን መኪና ከጠረጠረ፣ እርምጃው ይቀንሳል፣ ድምፁ ይለወጣል፣ እዚያው ቦታ ደጋግሞ ይመላለሳል። ውሻውም ሲቀመጥ ኳሱን ወይም ምግቡን እንደሚያገኝ ያውቃል። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ፖሊሱ የጠረጠረው በማን ላይ ይሆን? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚመረው። በዚያው በ2011 ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ በቺካጎ ዙሪያ ያሉ ከተሞችን የፖሊስ መዝገብ የሦስት ዓመቱን አገላብጦ ነበር። ውሻ ካመለከተባቸው መኪኖች ውስጥ ዕፅ ወይም የዕፅ መጠቀሚያ የተገኘው በ44 በመቶው ብቻ ነው። አሽከርካሪው ከላቲን አሜሪካ ወገን ሲሆን ደግሞ ቁጥሩ ወደ 27 በመቶ ወረደ። ውሻ ዘር አይለይም፤ ገመዱን የያዘው ሰው ግን ይለያል። በአውስትራሊያ የኒው ሳውዝ ዌልስ ዕንባ ጠባቂ በ2006 ባወጣው ዘገባ ደግሞ ውሾች ከ10 ሺህ ጊዜ በላይ ሰው ላይ አመልክተው ዕፅ የተገኘው በ26 በመቶው ብቻ ነው። ከአራት ሰው ሦስቱ በሕዝብ ፊት በከንቱ ተፈተሸ ማለት ነው!

አሁን ወደ ልጆች ልምጣ። መጋቢት 1979 በኢንዲያና ግዛት ሃይላንድ በምትባል ከተማ ፖሊሶችና ውሾች ትምህርት ቤት ገቡ። 2,780 ተማሪዎች እጃቸውን ዴስክ ላይ አድርገው በተራ ተሸተቱ። አንድ ውሻ በአንዲት የ13 ዓመት ልጅ ላይ አመለከተ። ኪሷን አራገፈች፤ ምንም የለም። ውሻው አልለቅ አለ። ወስደው ልብሷን አስወልቀው ፈተሿት። አሁንም ምንም የለም። በኋላ ሲጣራ ልጅቱ ያን ቀን ጠዋት ወንድ በምትፈልግበት ወቅት ላይ ከነበረች የቤቷ ውሻ ጋር ስትጫወት ነበር! ፍርድ ቤቶቹ ልብስ ማስወለቁን አወገዙ፤ ማስሸተቱን ግን አጸደቁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1981 ጉዳዩን አላይም አለ።

«ያ የድሮ ነው» እንዳትሉኝ። ኅዳር 2003 በሳውዝ ካሮላይና ጉስ ክሪክ ከተማ በሚገኘው ስትራትፎርድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፖሊሶች መሣሪያ መዘው ከመቶ በላይ ተማሪ መሬት ላይ አስቀመጡ። ውሻም ቦርሳቸውን አሸተተ። አንዲት ቁራጭ ዕፅ አልተገኘም። ከተያዙት አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ በትምህርት ቤቱ ግን ጥቁሮች ከሩብ ያነሱ ናቸው። ነገሩ በ2006 በ1.6 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተቋጨ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ የልጆቹን ድንጋጤ ግን ማን ይከፍለዋል?

አሁን የንግግሬ ዋና ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። በፍሎሪዳ አልዶ የሚባል ውሻ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ጊዜ አመልክቶ ነበር። በመጀመሪያው፣ ያልሠለጠነበት የዕፅ መሥሪያ ግብዓት ተገኘ። በሁለተኛው ምንም አልተገኘም። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «የውሻው የመንገድ ላይ መዝገብ ይቅረብ፤ ስንቴ ልክ፣ ስንቴ ስህተት እንደሆነ እንይ» አለ። ፖሊሱ ግን የመዘገበው ሰው የታሰረባቸውን ብቻ ነበር። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምፅ የግዛቱን ውሳኔ ሻረ። ውሻው የሥልጠና ወረቀት ካለው በቂ ነው፤ ተከሳሹ ከፈለገ ይከራከር አለ። በምን ይከራከር? ባልተጻፈ መዝገብ?

ደግሞ ዕፅ ሲጠፋ መልሱ የተዘጋጀ ነው። «ትናንት የነበረ ሽታ ነው» ይባላል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሽታ በልብስ፣ በመቀመጫ ይቀራል። ግን ሲገኝ ውሻው ትክክል፣ ሳይገኝም ውሻው ትክክል ከሆነ፣ የሚሳሳተው መቼ ነው? ሊሳሳት የማይችል ምስክር ምስክር አይደለም።

ፍትሐዊ እንሁን። የውሻ አፍንጫ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ፈንጂ አነፍንፎ የሰው ሕይወት ያተረፈ ውሻ ብዙ ነው። ልጆቻችን በዕፅ እንዲጠፉም የሚሻ ወላጅ የለም። «ምንም ካልያዘ ምን ያስፈራዋል?» የሚል አለ። የ13 ዓመቷ ልጅ ምን ይዛ ነበር?

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። አንደኛ፣ ፈታኙም ያዡም መልሱን በማያውቁበት መንገድ ውሻው ይፈተን። ሁለተኛ፣ ያመለከተው ሁሉ፣ የተሳሳተውም ጭምር፣ ይመዝገብ፤ ለተከሳሽም ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ያለ ጥርጣሬ የልጅ አካልና ቦርሳ አይሸተት። ይህ ቅዠት አይደለም። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2008 በሳርኒያ ከተማ ትምህርት ቤት የተደረገ የውሻ ፍተሻ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ማስረጃውን ጥሏል። የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2019፣ በግዛቱ የተፈቀደውን ካናቢስ ጭምር የሚያሸት ውሻ መኪና ላይ ሲላክ ፍተሻ ነው፤ በቂ ምክንያት ይፈልጋል ብሏል።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን አካል፣ ቤትና ንብረት ከፍተሻ እንደሚጠብቅ ጽፏል። የተጻፈ ነገር ዋጋ የሚኖረው «ለምን ፈተሽከኝ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው ሲኖር ነው። ውሻ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ ገመዱን የያዘው ይጠየቅ!