ለራስ ስለ መራራት



ባለፈው ክረምት በነቀምት ከተማ፣ ጨለለቂ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ የመንግሥት ጸሐፊ ወዳጄ ቤት በእንግድነት አድሬ ነበር። እኩለ ሌሊት ላይ የዝናሙ ድምፅ ቢቀሰቅሰኝ ወዳጄ መብራት አብርቶ፣ አገጩን በእጁ ደግፎ ተቀምጦ አገኘሁት። ምክንያቱን ብጠይቀው የአንድ ባለጉዳይ የመዝገብ ቁጥር አሳስቶ በመጻፉ ደብዳቤው ወደማይገባው ክፍል ሄዶ መቅረቱን ነገረኝ። ይህን ካወቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ለማንም አልተናገረም። ነገር ግን በየሌሊቱ፣ «አንተ የማትረባ! ይህን ያህል ዘመን ሠርተህ ቁጥር መገልበጥ ያቃተህ!» እያለ ራሱን ይሰድባል።

እኔም በዚያች ሌሊት አንድ ነገር ታዘብሁ። ወዳጄ ራሱን እየቀጣ ሳለ ባለጉዳዩ ምንም አልተጠቀመም። ሰውየው ያን ሁሉ ቀን ከገጠር እየተመላለሰ «ነገ ተመለስ» ሲባል ሰንብቷል። ራስን መስደብ ሲያዩት ትሕትና ይመስላል፤ ብዙዎቻችንም በቁጣና በአለንጋ ስለ ተማርን፣ መምህሩ ከሄደ በኋላ አለንጋውን ራሳችን አንሥተን እንይዘዋለን። ዳሩ ግን የራሱን ስድብ የሚፈራ ሰው ስሕተቱን ይሸሽጋል፤ የተሸሸገውን ስሕተት ደግሞ ማን ያርመዋል? እኔም ራሴ በማይክሮፎን ፊት የአንድ ቦታ ስም አበላሽቼ ካነበብሁ በኋላ፣ ራሴን ስወቅስ ሰንብቼ ጭራሽ ደኅና የማነበውን ሁሉ መንተባተብ ጀምሬ ነበር።

ለዚህ ነገር ምሳሌ ለመፈለግ ከነቀምት ርቆ መሄድ አያሻም። በከተማይቱ ያስተማሩት ኦነሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወልደው፣ ገና በልጅነታቸው በባሪያ ነጋዴዎች ተወስደው ከጌታ ወደ ጌታ ተሽጠዋል። በ1870 (ዓመታቱን የምናገረው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው) በምጽዋ ነጻ ወጥተው በእምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት፣ ኋላም በስዊድን አገር ተማሩ። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመተርጐም በተነሡ ጊዜ ግን ከባድ ጉድለት ገጠማቸው፤ ከአገራቸው በልጅነት ስለ ወጡ የቋንቋቸው ቃላት አነሷቸው።

እንግዲህ አስቡት፤ ተርጓሚ ለተባለ ሰው የእናቱ ቋንቋ ሲጐድለው ምንኛ ያሳፍራል! ራሱን መውቀስ የለመደ ሰው ቢሆን ወይ ሥራውን ይተዋል፣ ወይ ጉድለቱን ሸፍኖ የደከመ መጽሐፍ ያወጣል። ኦነሲሞስ ግን የሚረዳቸውን ሰው ፈለጉ። አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት በ1886 የኢጣልያ መርከበኞች ከባሪያ መርከብ አስጥለዋት በዚያው በእምኩሉ ትማር ነበር። የቋንቋ ዕውቀቷና የማስታወስ ስጦታዋ ከፍ ያለ ነበርና እጅግ ብዙ የኦሮምኛ ቃላት ሰበሰበች፤ ተረትና ዘፈንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አስገባች። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ገቡ።

ከአድማጮቼ አንዱ፣ «ይህ ለሰነፍ መሸሸጊያ አይሆንምን?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን «ቁጥሩ ተሳስቷል» በማለትና «እኔ የማልረባ ነኝ» በማለት መካከል ሰፊ ልዩነት አለ። የመጀመሪያው በአንድ የእርማት ደብዳቤ ከቀትር በፊት ያልቃል። ሁለተኛው ግን ማለቂያ የለውም፤ የሚጽፉለት ደብዳቤም፣ የሚላክበት ክፍልም አይገኝለትም። ሰነፍ የሚወደውም ይህንኑ ሁለተኛውን ይመስለኛል፤ ሲያለቅስ ስለሚውል ሥራ አይጠየቅምና።

ወደዚያች ሌሊት ልመለስ። ወዳጄን፣ «ከበታችህ ያለ ወጣት ጸሐፊ ይህንኑ ስሕተት ይዞ ቢመጣ ምን ትለዋለህ?» አልሁት።

ጥቂት አሰበና፣ «አይዞህ፣ ጠዋት አብረን እንፈልገዋለን እለዋለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ይህችን አይዞህ ለራስህ ስለምን ነፈግሃት?»

መልስ አልሰጠኝም፤ መብራቱን ግን አጠፋ። በማግሥቱ ከቢሮ ሲመለስ አለቃው ክፉኛ እንደ ተቈጡት ነገረኝ። መዝገቡ የተገኘው በሌላው ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ከቀትር በኋላ ባለጉዳዩ ፈርሞ ደብዳቤውን ተቀብሏል።